ለጥንቸል ቁስል ከደሴ መድኃኒት ቤቶች ምን ይገዛል? ሳላይን፣ ቤታዲንና ሰማያዊው ስፕሬይ ሲመዘኑ

በደሴ እኔ በማውቃቸው ቤቶች ጥንቸል የምትኖረው ለሥጋ ሳይሆን ልጆች ስለሚወዷት ነው። በጓሮ ከእንጨትና ከሽቦ በተሠራ ሣጥን ታድራለች፤ ቀን ቀን በረንዳ ላይ ትዘላለች። እንዲህ የምትኖር እንስሳ ከጭረትና ከቁስል አታመልጥም። ሁለት ወንዶች በአንድ ሣጥን ከተቀመጡ ይነካከሳሉ፤ ጥፍር በሽቦ ቀዳዳ ተይዞ ይሰበራል፤ የቆርቆሮ ጠርዝም ስስ ቆዳዋን ይሰነጥቃል። ቁስሉ ትንሽ ሲሆን ባለቤቱ በቤቱ ሊያክመው ይፈልጋል፤ ይህም ተገቢ ነው። ችግሩ የሚጀምረው መድኃኒት ቤት ሲገባ ነው፤ ምክንያቱም በመደርደሪያው ላይ የተደረደረው ሁሉ ወይ ለሰው ወይ ለበሬ የተሠራ እንጂ ሁለት ኪሎ ለምትመዝን እንስሳ የታሰበ አይደለም።

በዚህ ግምገማ በከተማችን የሰው መድኃኒት ቤቶችና የእንስሳት መድኃኒት መሸጫዎች በቀላሉ የሚገኙትን የቁስል መድኃኒቶች እመዝናለሁ። ዋናው መመዘኛዬ ጥንቸሏ መድኃኒቱን ብትልሰው ምን ይደርስባታል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ የማስቀድመው ጥንቸል ቀኑን ሙሉ ገላዋን የምትልስ፣ የቆሰለውን ቦታ ደግሞ አብልጣ የምትልስ እንስሳ ስለሆነች ነው። የዋጠችውን ማስመለስም ተፈጥሮዋ አይፈቅድላትም። ስለዚህ ቆዳዋ ላይ የተቀባው ነገር ብዙ ሳይቆይ ሆዷ ውስጥ ይገባል፤ ከገባ በኋላም መመለሻ የለውም። የበላችውን ሣርና ድርቆሽ የሚያብላሉላት በአንጀቷ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነርሱን የሚያውክ መድኃኒት ለሕይወቷ ያሰጋል። ለላም ወይም ለሰው እጅግ ጥሩ የሆነ መድኃኒት ለጥንቸል መርዝ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ በላይ የማስቀምጠው ኖርማል ሳላይንን ነው። ይህ በሆስፒታል ለበሽተኛ በደም ሥር የሚሰጠው፣ 0.9 በመቶ ጨው ያለበት ንጹሕ ውሃ ነው። የጨው መጠኑ ከሰውነት ፈሳሽ ጋር የተቀራረበ በመሆኑ አያቃጥልም፣ ጤነኛውን ሥጋ አይጎዳም፣ ጥቂት ብትልሰውም አይጎዳትም። ለአዲስና ላልጠለቀ ጭረት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም፤ ቁስሉን የሚያድነው ሰውነቷ ራሱ ሲሆን የእኛ ድርሻ አፈሩን፣ ፀጉሩንና የረጋውን ደም ማውጣት ነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው እንደማይቀበለኝ አውቃለሁ፤ በአካባቢያችን ቀለም የሌለውና የማያቃጥል ነገር መድኃኒት ተብሎ አይታመንም። ሆኖም በሚገባ የታጠበ ቁስል፣ ሳይታጠብ በቀለም ከተሸፈነ ቁስል ይልቅ በቶሎ እንደሚጠግግ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

ሲገዙ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። በእኛ ዘንድ በፕላስቲክ ተሞልቶ የሚሰቀለውን ፈሳሽ ሁሉ ግሉኮስ ማለት የተለመደ ስለሆነ፣ ግሉኮስ ስጡኝ ብሎ የጠየቀ ሰው ስኳር ያለበትን ይዞ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። ሁለቱ በመልክም በማሸጊያም ይመሳሰላሉ። ስኳር ያለው ውሃ ግን ለቁስል ማጠቢያ አይሆንም፤ ጉንዳንና ዝንብ ይጠራል፣ ለጀርሞችም ምግብ ይሆናል። ስለዚህ በላዩ ላይ ሶዲየም ክሎራይድ 0.9 በመቶ የሚለውን ጽሑፍ በዓይን ማየት፣ ዴክስትሮዝ የሚል ቃል አብሮ አለመኖሩንም ማረጋገጥ ይገባል፤ ሁለቱ የተቀላቀሉበትም ይሸጣልና።

የሳላይን ጉድለቱ መጠኑ ነው። በብዛት የሚገኘው የግማሽ ሊትሩ ወይም የአንድ ሊትሩ ሲሆን፣ ለአንዲት ጥንቸል ጭረት የሚበቃው ከሁለትና ሦስት ሲሪንጅ አያልፍም። ቀሪውን ለሌላ ሳምንት ይሆናል ብሎ ማስቀመጥ ደግሞ አይመከርም፤ አንዴ ከተከፈተ ጀርም ስለሚገባበት ከዚያ በኋላ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። በዚያው ቀን የማይጠቀሙበትን መድፋት ግድ ነው፤ ይህም ለትንሽ ቁስል ሲባል ብዙ ፈሳሽ ገዝቶ መጣል ይሆናል። ይህ ለሚከብደው ሰው ቤት ውስጥ የሚዘጋጀው ጨዋማ ውሃ ጥሩ ምትክ ነው። አንድ ሊትር ውሃ በሚገባ አፍልቶ 9 ግራም ጨው መጨመር ሲሆን፣ ሚዛን ለሌለው ሰው በግማሽ ሊትር ውሃ አፉ ከተስተካከለ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ጎደል ያለ ጨው ይበቃዋል። ጨው መብዛቱ ያቃጥላል እንጂ አይጠቅምም። ከአፋር በኩል የሚመጣው ጥሬ ጨው አሸዋና አፈር ሊኖርበት ስለሚችል ለዚህ ሥራ ታጥቦና ተፈጭቶ በፓኬት የሚሸጠውን እመርጣለሁ።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳማ ከተማ በመሆኗ የማጠቢያው ሙቀት ችላ ሊባል አይገባም። ከቁም ሣጥን የወጣ ቀዝቃዛ ሳላይን ትንሿን እንስሳ ያስደነግጣታል፣ ሙቀቷንም ይቀንሰዋል። ሲሪንጁን ሞልቶ ለብ ያለ ውሃ ባለበት ኩባያ ውስጥ ጥቂት ማቆየትና የእጅ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ መሞከር በቂ ነው። ጥንቸልን ግን በምንም ምክንያት ሙሉ ገላዋን ውሃ ውስጥ መንከር አይገባም፤ ድንጋጤውና ብርዱ ከቁስሉ ይልቅ ይጎዷታል።

አሠራሩን በምሳሌ ላሳይ። ከቤታችን ጥንቸሎች አንዱ፣ ግራጫው ወንድ፣ ከጆሮው ሥር ቆስሎ ባገኘሁት ጊዜ የሚታየው የተጣበቀ የፀጉር ጉንጉን ብቻ ነበር። በአሮጌ ነጠላ ከአንገቱ በታች ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ይህ የሚደረገው እንዳይቧጭር ብቻ አይደለም፤ ጥንቸል ተይዛ በኃይል ስትራገጥ የገዛ ጀርባዋን አጥንት ልትሰብር ስለምትችል የኋላ እግሮቿ በደንብ መደገፍ አለባቸው። መርፌው ከወለቀለት የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ለብ ያለውን ሳላይን ቀስ እያልኩ ሳፈስበት የደረቀው ደም መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ቀላ ብሎ መሟሟት ጀመረ፤ ፀጉሩም ዘር በዘር ተለያየ። ከሥሩ የሩብ ጣት ጥፍር የማታህል ስንጥቅና በውስጧ የተሰነቀረች አንዲት የድርቆሽ ዘንግ ወጡ። ድርቆሿ በውሃው ኃይል ብቻ ተነሥታ ወደቀች፤ በጣት ወይም በወረንጦ መቆፈር አላስፈለገም። ጥጥ አለመጠቀሜን ልብ ይሏል፤ ጥጥ ክሩን ቁስሉ ውስጥ ይተዋል፣ ስለዚህ ለመጥረጊያ ጎዝ ይሻላል። ፀጉሩን በመቀስ ልቁረጥ የሚል ሰውም ይጠንቀቅ፤ የጥንቸል ቆዳ እጅግ ስስ ስለሆነ ከፀጉሩ ጋር ተስቦ ይነሣና መቀሱ ቆዳውን አብሮ ይቆርጠዋል። በሳላይን አርሶ ወደ ጎን መክፈል ይበቃል።

በሁለተኛ ደረጃ የማስቀምጠው ሕዝቡ ቤታዲን እያለ የሚጠራውን ፖቪዶን አዮዲን ነው። ይህ በየሰው መድኃኒት ቤቱ በትንሽ ጠርሙስ የሚገኝ፣ ባክቴሪያንም ፈንገስንም የሚገድል፣ በልኩ ከተጠቀሙበት ለጥንቸል የሚስማማ መድኃኒት ነው። በልኩ የሚለውን ቃል አጥብቄ የምናገረው በጠርሙሱ ውስጥ ያለው 10 በመቶው እንዳለ ሲቀባ ለአዲስ ሥጋ ስለሚከብድ ነው። አንድ እጅ ቤታዲን ከ10 እስከ 20 እጅ ሳላይን ወይም ፈልቶ በበረደ ውሃ ሲቀጠን ቀለሙ ቀጠን ያለ ሻይ ይመስላል፤ ትክክለኛው እርሱ ነው። የቀጠነው ያልቀጠነውን ያህል ጀርም አይገድልም ብሎ የሚሰጋ ሰው አይጨነቅ፤ አዮዲኑ ከተያዘበት ውሕድ በተሻለ ተለቅቆ የሚሠራው ሲቀጥን ነው። የቀጠነው ግን ስለማይቆይ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ አዘጋጅቶ የተረፈውን መድፋት ያስፈልጋል፤ ዋናው ጠርሙስም ብርሃን በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ።

በዚህ መድኃኒት ላይ ገዢው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። በአንድ ስም ሦስት ዓይነት ነገር ይሸጣል። አንደኛው ለቁስል የሚሆነው ተራ ፈሳሽ ነው። ሁለተኛው ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በፊት እጃቸውን የሚታጠቡበት፣ ስክራብ የሚባለው ሲሆን ሳሙና ስላለበት ክፍት ቁስል ላይ መግባት የለበትም። ሲነቀነቅ ብዙ አረፋ ካወጣ እርሱ ነው። ሦስተኛው በአልኮል የተበጠበጠው የቀድሞው ቲንክቸር አዮዲን ሲሆን ክፉኛ ያቃጥላል፤ ጥንቸልም በሕመሙ ደንግጣ ምግብ ልታቆም ትችላለች። ሻጩ የትኛውን እንደሰጠን ጠይቀን ካልመለሰ ጽሑፉን ራሳችን እናንብብ።

የቀጠነውን ቤታዲን ከሳላይን እጥበት በኋላ በጎዝ ነካ ነካ አድርጎ ጥንቸሏን ጥቂት ደቂቃ እንደተጠቀለለች መያዝ ያስፈልጋል፤ ጀርሙን ለመግደልም ለመድረቅም ጊዜ ይፈልጋልና። ከደረቀ በኋላ ብትልሰው የሚገባባት መጠን እጅግ ጥቂት ነው። ሰፊና ቆዳው የተገፈፈ ቁስል ላይ ግን ቀን ከቀን መቀባት አልደግፍም፤ አዮዲን በሰፊ ቁስል በኩል ወደ ደም ይገባል፤ እንዲህ ያለው ቁስልም ከመነሻው የቤት ሥራ አይደለም። ለትንሹ ጭረት በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ ብቻ ይበቃል። ቅርፊቱን እያነሡ መቀባት ፈውሱን ያዘገያል። ነጭ ጥንቸል ላይ ቢጫ እድፍ መተዉ እውነት ነው፤ እርሱ በራሱ ጊዜ ይለቃል።

ወደ ሰማያዊው ስፕሬይ እንለፍ። ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ከቀለም ጋር የያዘው ይህ ቆርቆሮ በእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ገብቶ ለቁስል የጠየቀ ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ነው። ለምን እንደተወደደ ይገባኛል። በቀንበር ለቆሰለ የበሬ ትከሻ፣ ለጋማ ከብት ጀርባ፣ ለበግ ሰኮና ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል፤ የታከመውም ከብት ከሩቅ ይለያል። ለጥንቸል ግን በሦስት ምክንያት ዝቅተኛ ነጥብ እሰጠዋለሁ። አንደኛ፣ ሲነፋ የሚያሰማው የሹክሹክታ ድምፅና ቅዝቃዜው በተፈጥሮዋ አዳኝ የምትፈራውን እንስሳ ክፉኛ ያስደነብራታል። ሁለተኛ፣ ከአንድ ጥፍር የማይበልጥን ቁስል ለመምታት ተብሎ ሲረጭ ግማሽ ጎኗን ይሸፍናል፤ ፊቷ አጠገብ ከሆነ ዓይኗና አፍንጫዋ ውስጥ ይገባል፤ የተረጨውንም ሁሉ ትልሰዋለች። ሦስተኛውና እኔን አብልጦ የሚያሳስበኝ፣ ሰማያዊው ቀለም ቁስሉን ይጋርደዋል። ትንሽ ቁስልን በቤት የሚያክም ሰው ያለው ትልቁ መሣሪያ ዓይኑ ነው፤ ቀላ፣ አበጠ፣ እዥ ያዘ ብሎ የሚለየው በማየት ነው። ሰማያዊ ከሆነ ቆዳ ላይ ይህ አይታይም።

ተመሳሳይ ነቀፌታ ጂቪ በምንለው ሐምራዊ ቀለም ላይም አለኝ። ርካሽ ነው፣ በየቤቱ አለ፣ ለሕፃናት አፍ ሲቀባም የኖረ ነው። ይሁንና ቁስልን ይሸፍናል፣ ቀጭን ቆዳንም ሊቆጣ ይችላል። አረፋ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና የፋርማሲ አልኮል ከዚህ ግምገማ በአጭሩ ይሰናበታሉ፤ ሁለቱም ጀርሙን ብቻ ሳይሆን አዲስ የሚያድገውን ሥጋ ያቃጥላሉ። ዴቶልም እንዲሁ ለወለል ይሁን።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ መጣሁ። በአገራችን ቁስልን የማድረቂያ የታወቀ ልማድ አለ፤ የአሞክሳሲሊን ወይም የአምፒሲሊን ካፕሱል ተፈትቶ ዱቄቱ ቁስሉ ላይ ይነሰነሳል። ለሰውም ቢሆን የማይመከር ነው፤ ለጥንቸል ግን የሞት ፍርድ ሊሆን ይችላል። ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ አሞክሳሲሊን፣ ክሊንዳማይሲን፣ ሊንኮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን በአፍ ሲገቡባት የአንጀቷን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይፈጁና መርዝ የሚያመነጩ ጎጂዎቹ ቦታውን ይይዙታል። ጥንቸሏ ትቀመጣለች፣ አትበላም፣ ተቅማጥ ይይዛታል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ትሞታለች። በጎረቤታችን ቤት የሆነው ይኸው ነበር። ልጆቹ በሰፈር ሰው ምክር ለእግር ጭረት አሞክሳሲሊን ነስንሰው፣ ጥንቸሏ ቁስሏ ደርቆ ሳለ ሆዷ ተነፍቶ ሞተች፤ ሁሉም ግን የገደላት ቁስሉ ነው ብለው አምነው ቀሩ። በዱቄቱ ምክንያት ነው ብሎ የነገራቸው አልነበረም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይህ ነው።

በዚሁ መንገድ ስለ መርፌም ልናገር። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ውስጥ ገብቼ ለጥንቸል ትንሽ ቁስል ምን አላችሁ ብዬ ስጠይቅ፣ ሻጩ ሚዛኗን እንኳ ሳይጠይቅ «እህቴ፣ ይሄ ለሁሉም ይሆናል፤ በጉም ላሙም የሚድነው በዚህ ነው» ብሎ ፔንስትሬፕ አወጣልኝ። ፔንስትሬፕ የፔኒሲሊንና የስትሬፕቶማይሲን ቅልቅል ሲሆን ለከብት በእርግጥ የታወቀ መድኃኒት ነው። ለትናንሽ እንስሳት ግን ሐኪም ሳያዘው የሚወጋ አይደለም። ጀርቢል የምትባለው፣ በሌላ አገር ሰዎች እንደ ጥንቸል በቤት የሚያሳድጓት ትንሽ የበረሃ አይጥ በዚሁ ቅልቅል ውስጥ ባለው ስትሬፕቶማይሲን ተመርዛ በቶሎ እንደምትሞት የታወቀ ነው። እርሷ መቶ ግራም እንኳ አትሞላም፤ የበግ መጠን የሚለካ እጅ ለእርሷም ለጥንቸልም አይሆንም። ሻጩ ክፉ ሰው አይመስለኝም። ቀኑን ሙሉ የሚያስተናግደው በግና አህያ ይዞ የመጣን ገበሬ ነው፤ ቢሆንም አላውቅም ማለት ይችል ነበር።

ቅባቶችን በተመለከተ ለማሳከክ ተብለው የሚሸጡትን፣ ቤታሜታዞንና መሰል ስቴሮይድ ያለባቸውን ጨርሶ አልመክርም። ጥንቸል ለስቴሮይድ እጅግ ስሱ ናት፤ በቆዳ ብቻ የተቀባው እንኳ የመከላከል አቅሟን ያዳክማል። ብዙዎቹ ቅባቶች አንቲባዮቲክና ስቴሮይድ በአንድ ላይ የያዙ ስለሆኑ በቱቦው ላይ ያለውን ዝርዝር ሳያዩ መቀባት አይገባም። ቫዝሊን ጉዳት የለውም፤ ጥቅሙም ጥቂት ነው፤ ፀጉሩን አጣብቆ ቆሻሻ ይሰበስባል።

ባህላዊውን ሕክምና ሳላነሣ ባልፍ ወሎዬ አይሉኝም። ደም ሲፈስ ቡና መነስነስ በየቤታችን የኖረ ነው፤ አንዲት እናት ጎረቤቴም የጥንቸሏን የተሰበረ ጥፍር አይተው «ልጄ፣ ቡና ነስንሺበትና ተይው፤ እኛ ስንቱን አድነንበታል» ብለውኛል። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ የተለየ ሐሳብ አለኝ። የቡና ዱቄት ንጹሕ አይደለም፣ ቁስሉ ውስጥ ይቀራል፣ ጥንቸሏም ካፌይኑን ትልሰዋለች። ለተሰበረ ጥፍር በንጹሕ ጎዝ ሳያነሡ አምስት ደቂቃ ያህል መጫን አብዛኛውን ጊዜ ደሙን ያቆመዋል፤ ካልቆመም ጥቂት የበቆሎ ስታርች ወይም የስንዴ ዱቄት ጥፍሩ ጫፍ ላይ ብቻ መጫን ይቻላል፤ ይህን ብትልስ ምንም አትሆንም። የተቃጠለ የሞተር ዘይትና ክሪኦሊን ግን ለከብትም ቢሆን ከባድ ናቸው፤ ለጥንቸል መርዝ ናቸው። ማር በቁስል ላይ ጀርም የማዳከም እውነተኛ ኃይል አለው፤ የላስታን ማር ያየ ሰውም በዚህ አይጠራጠርም። ሆኖም ተቀብቶ መሸፈን አለበት፤ ጥንቸልም ፋሻ ታኝካለች። ካልተሸፈነ ማሩ በልሳት ያልቃል፣ የተረፈውም ዝንብ ይሰበስባል።

ስለ ዝንብ ካነሣሁ በሐምሌና በነሐሴ ለሚያክም ሰው ከመድኃኒቱ ምርጫ የማይተናነስ ጉዳይ ነው። እርጥብ ቁስል ወይም በሽንት የረጠበ ፀጉር ላይ ዝንብ እንቁላል ከጣለች በአንድ ቀን ውስጥ ተፈልፍሎ ትሉ ሥጋዋን መብላት ይጀምራል። ቁስለኛዋን ጥንቸል ቤት ውስጥ አስገብቶ በደረቅ ጭድ ላይ ማቆየት፣ ጭዱን በየቀኑ መለወጥ፣ ቁስሉንና የጭራዋን ሥር ጠዋትና ማታ ማየት ያስፈልጋል። ዝንቡን ለማባረር ተብሎ ለውሻ ቁንጫ የሚሸጠውን ፊፕሮኒል መርጨት ግን ጥንቸልን ይገድላል። አንድ ትል እንኳ ከታየ ለነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

ሳላይንም ቤታዲንም የማይመልሱት ቁስል አለ። ድመት የነከሳት ጥንቸል ላዩ ላይ የምትታየው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ብቻ ልትሆን ትችላለች፤ ቀዳዳዋ በፍጥነት ትዘጋና ጀርሙ ከሥር ይቀራል። የጥንቸል መግል ወፍራምና የረጋ በመሆኑ እንደ ሌላው እንስሳ በራሱ ፈርጦ አይፈስም፤ ከሳምንት በኋላ ጠንካራ እብጠት ሆኖ ይገኛል፣ ፈውሱም ቀዶ ሕክምና ነው። ስለዚህ ንክሻ ሁሉ፣ ዓይን አጠገብ ያለ ቁስል፣ አሥር ደቂቃ ተጭኖ ያልቆመ ደም፣ ሥጋው የታየበት ስንጥቅ ለሐኪም ይተዉ። ውሻ የነከሳትን ደግሞ በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ አለና የሰውም ሕይወት ይመለከተዋል። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ጥንቸሏ ግማሽ ቀን ያህል ካልበላችና ካልጸዳዳች አንጀቷ መሥራት አቁሟል ማለት ሊሆን ስለሚችል ይህም የሐኪም ጉዳይ ነው። ከእግሯ መዳፍ ሥር ፀጉር ተመልጦ የሚቀላው ቁስል በበኩሉ የሚመጣው ከሽቦ ወለል ነው፤ ጥንቸል እንደ ውሻ የመዳፍ ትራስ የላትምና ወለሉን በሳንቃና በጤፍ ጭድ ሳይሸፍኑ የሚቀባ መድኃኒት ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

የአገልግሎቱን ነገር በተመለከተ፣ በወሎ የእንስሳት ክሊኒኮች የለመዱት ከብት፣ በግ፣ ፍየልና የጋማ ከብት ነው፤ ጥንቸል ይዞ ለገባ ሰው ፈገግ የሚሉ አሉ። ቢሆንም የሠለጠነ ሰው ይገኛል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ ኮምቦልቻም የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አላት። እኔ የሄድኩበት ክሊኒክ ባለሙያ ጥንቸሏን በወጥ ቤት ሚዛን መዝኖ ነው መጠን የወሰነው፤ በአፍ የሚሰጥ ፔኒሲሊን አይሆንም ስለውም አላስተባበለኝም፤ መጽሐፉን አውጥቶ አይቶ ሌላ መረጠ። ለዚህ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ጥንቸል ይዞ የሚሄድ ሰው በቤቱ የቀባውን ሁሉ ጠርሙሱን ይዞ ቢሄድ ለሐኪሙ ሥራውን ያቀልለታል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ሙቀቱ በአንዴ ስለሚለወጥ ሣጥኗን ከመኪናው መስኮት ፀሐይ ማራቅ አለበት፤ ጥንቸል ከብርድ ይልቅ ሙቀት ይጥላታል። መንገድ ላይ የምትበላው ድርቆሽም ሣጥኗ ውስጥ ይግባ፤ ለሌላ እንስሳ ከማደንዘዣ በፊት ምግብ ይከለከላል፣ ማስመለስ የማትችለው ጥንቸል ግን ባዶ ሆዷን እንድትቆይ አያስፈልግም።